ሆቴል ቤት ለተለቀሰላት ለአስካለ

አስካልዬ፣ ነገረኛዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ነው። ያኔ ማሳው ላይ ትተነው የሄድነው ገብስ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተበልቶ አለቀ፤ የአዲሱ ቡቃያ ደግሞ ጉልበቴ ደርሷል። ደብዳቤ ልጽፍልሽ ስቀመጥ የምትስቂብኝ ይመስለኛል። ፊደል የቆጠርኩት በቄስ ትምህርት ቤቱ አጥር ቀዳዳ ስለሆነ፣ ግማሹ አጥሩ ላይ ቀርቶብሃል ትይኝ ነበር። ባልቀረው ግማሽ እሞክራለሁ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች። አንደኛዋ ግልገል ቁርጥ አንቺን ናት፤ ሲጠሯት አትመጣም፣ ሲተዋት ትከተላለች። በምሥራቅ በኩል ሲያፈስ የነበረውን ክዳን ጓሳ አሳጭጄ አስከደንኩት። ወጥ መሥራት ለመድኩ ብል ዋሸህ ትይኛለሽ፤ እውነትሽን ነው። ባለፈው የሠራሁትን ሽሮ ውሻችን አሸተተው፣ ፊቴን አየት አደረገና ወደ ጎረቤት ሄደ። ከውጭ ስገባ አሁንም "ቤቶች" ብዬ እጣራለሁ። የሚመልስልኝ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ዝም ብሎ መግባት ሌባ ሌባ ይለኛል።

እናትሽ እማሆይ በርትተዋል። ስለ እሳቸው የምነግርሽ አለኝ፣ ቆይኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ሞላሌ ገበያ የሰማሁት ነገር ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ከኋላዬ ሆኖ ለጓደኛው፣ የዚህ ሰውዬ ሚስት አዲስ አበባ ሞታ መሸታ ቤት ነው አሉ የተለቀሰላት ሲለው ሰማሁ። በእኛ አገር ሆቴል ሲባል ሰው ሁሉ የሚታየው ጠጅ ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዞሬ አንድ ነገር ልለው ፈለግሁና ቀልድ አጣሁ። እኔ፣ አስካልዬ፣ ቀልድ አጣሁ። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደነበረ ልጻፈው አልኩ። መጨረሻውን አንቺም አላየሽውም።

ሆድሽን ሲያምሽ ከርሞ በሐምሌ መጨረሻ ሐኪም ፍለጋ ወጣን። እስከ ጣርማ በር በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር የቅዱሳኑን ስም ስትጠሪ፣ እኔ ደግሞ ጊዮርጊስን ዘለልሽው እያልኩ ከመጀመሪያው አስጀምርሽ ነበር። ሆስፒታሉ ግን አልጋ እስኪለቀቅ ጠብቁ አለን። የእህቴ ልጅ ተሾመ ያን ጊዜ ፒያሳ መሐል ባለ ትልቅ ሆቴል የእንግዶች ቁልፍ የሚይዝ ሠራተኛ ነበር። የተከራያት ክፍል ዳገት ላይ ናት፣ አንቺ ደግሞ ዳገት አትችይም። ስለዚህ የሆቴሉን ባለቤት ማዳምን ለምኖ ከሆቴሉ አንዱን ቤት አሰጠን።

ቤት ማለቴ ቤት ነው። እዚያ አንድ ክፍል ብቻ የሚያድርበት እንግዳ የለም። ሁሉም የየራሱ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላት ወጥ ቤት አለው። የእኛን ቤት እንግዳ የሚሸሸው መስኮቱ የትልቁን ወጥ ቤት ጭስ ማውጫ ስለሚያይ ነበር። አንቺ ግን ጭሱን ስታዪ ጎረቤት አለን ማለት ነው ብለሽ ደስ አለሽ። ከታች መኪናው ሲጮህ፣ ጋዜጣ ሻጩ ሲጣራ፣ በመተላለፊያው ሻንጣ ሲገባና ሲወጣ ይውላል። ሊፍት የሚሉት ሳጥን ውስጥ አስገብቼሽ፣ ይህ የንስሐ ሳጥን ነው፣ ኃጢአትሽን ካልተናገርሽ በሩ አይከፈትም ስልሽ አመንሽኝ። አፍሽን ከፍተሽ ልትጀምሪ ስትይ ተከፈተ። ሳልሰማው የቀረው ኃጢአት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የደረስን ዕለት ማታ መስኮቱ ላይ ቆመሽ ያን ሁሉ ሕዝብ ስታዪ ቆየሽና፣ "እዚህ ብሞት ማን ያለቅስልኛል?" አልሽኝ።

ልጅ አልሰጠንም። ዘመድሽ ሁሉ መንዝ ነው። በአገራችን ሰው ሞትን የሚፈራው አንድ ፍራቻ ከሆነ፣ ሰው በሌለበት መሞትን የሚፈራው ሁለት ነው። ገብቶኝ ነበር። እኔ ግን እንደ ልማዴ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ በእኔ ድምፅ ደግሞ ከተማው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ይወጣል አልኩሽ። አልሳቅሽም።

በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ የለሽም። ወጥቼ ባይ በመተላለፊያው በር በር እያንኳኳሽ እንደምን አደራችሁ ትያለሽ። አዲስ መንደር የገባ ሰው ጎረቤቱን ካልጠየቀ ባለጌ ነው፤ አንቺ ደግሞ ባለጌ አልነበርሽም። አንዱ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ይወጣል፣ አንዷ በበሩ ስንጥቅ ታይሽና ትዘጋለች። አንድ ፈረንጅ ልብስ አጣቢ መስለሽው ሸሚዞቹን ከምሮ አሸከመሽ፤ አንቺም ስጦታ መስሎሽ መርቀሽው መጣሽ። አንዱን ለብሼ ወደ ታች ስወርድ ተሾመ ከጠረጴዛው ኋላ አይቶኝ ሊሞት ደረሰ።

ተሾመ ሸሚዞቹን ሰብስቦ፣ እትዬ እባክዎ፣ እዚህ ቤት የሰው በር አይንኳኳም ብሎ ለመነሽ። አንቺ ግራ ገብቶሽ፣ "ታዲያ ማን እንዳደረ፣ ማን እንዳላደረ በምን ያውቃሉ?" አልሽው። ሸሚዞቹን ታቅፎ ወረደ። እኔም እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

አልተውሽም። በሌላው ቀን ጠዋት ከእኛ ቤት ማዶ ያለውን በር አንኳኳሽ። የከፈተልሽ አቶ ዑመር ነበር፣ ለጨርቅ ንግድ ከድሬዳዋ የሚመላለሰው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሳሎኑ ጨልሟል። እናቱ መሞታቸውን የሚነግር ቴሌግራም ከደረሰው አድሯል፤ ባቡር እስኪነሣ ብቻውን በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ግራና ቀኝ ሰው ያደረበት ቤት መሐል፣ አንድ ሰው እናቱን ብቻውን ሲያለቅስ አድሯል።

አንቺ ነጠላሽን አዘቀዘቅሽ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልሽና የእናቱን ስም ጠየቅሽው። ፋጡማ አለሽ። ከዚያማ ፋጡማዬ፣ ፋጡማዬ እያልሽ እንደ አብሮ አደግሽ አለቀስሽላቸው። ሰውየውም እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔን ጠርተሽ አስቀመጥሽኝ። ክፍል የምታጸዳዋን የዓለም ከተማዋን ልጅ ዘነበችን አስቀመጥሻት። የፍልሰታ ጾም ስለነበር፣ ከቤት ባመጣሽው የገብስ ክክ ቅንጬ ሠርተሽ እዝን ነው ብለሽ አቀረብሽለት፤ ጾም ባይሆን ለእስላም ወንድሜ ምን አቀርብለት ነበር ብለሽ እግዚአብሔርን አመሰገንሽ። ጩኸቱን ሰምቶ ሊቆጣ የመጣ እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ ኮፍያውን እያወለቀ ገባ። ባለሸሚዙ ፈረንጅ ሳይቀር መጥቶ ጥግ ላይ ቆመ።

ማዳም አቤቱታው ደርሷት እየተቆጣች ወጣች። ያቺን ጥቁር ልብስ የማታወልቅ ግሪካዊት አሮጊት ታስታውሻታለሽ። በሩ ላይ ቆማ ሁላችንንም አየች፣ አንቺን ደግሞ ረዘም አድርጋ አየች። ሄደችና ወንበር ላከችልን። ስንወጣ ግን ተሾመን፣ ሐዘኑ ይሁን፣ ድምፁ ምግብ ቤት እንዳይወርድ ብቻ አለችው።

አቶ ዑመር በማግሥቱ በባቡር ሄደ። አንቺም በማዳም ቤት ባለ መንደር ሆንሽ። ጠዋት ስታረፍጂ እንግዶቹ ዛሬ እትዬ ምነው ቀሩ ብለው ይጠይቁኝ ጀመር። እኔም ተቀይማችኋለች እያልኩ አስጨንቃቸው ነበር።

ከዚያ አልጋ ተገኘ። ሐኪሞቹ ሆድሽን ከፍተው አዩና ዘጉት። ለምን እንደዘጉት አልነገሩኝም፤ አንቺ ግን ፊታቸውን ሳታዪ አወቅሽ። የመጨረሻዋን ማታ ሐኪሙ ሂድና እረፍ ብሎኝ ስወጣ፣ ጋቢዬን አስተካከልሽልኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቂውም።

ሆስፒታሉ ሌሊቱን በስልክ የነገረው ለተሾመ ነበር። መርዶ ደግሞ እንዲያው አይነገርም። ሽማግሌ ያስፈልጋል፣ ዘመድ ያስፈልጋል፣ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል። ተሾመ በዚያ ከተማ ዘመድ ከየት ያምጣ? አሰበ አሰበና በር በር ማንኳኳት ጀመረ።

እኔ ጎሕ ሲቀድ ኮቴ ሰምቼ ከፈትኩ። መተላለፊያው በሰው ተሞልቷል። ከድሬዳዋ ከተመለሰ ገና ሁለት ቀን የሆነው አቶ ዑመር ከፊት፣ ማዳም ከጎኑ፣ ዘነበች፣ ተሾመ፣ የየቤቱ እንግዳ ከኋላ። በአስካለ ፈንታ እናንተ ልታንኳኩ መጣችሁ ወይ፣ ኪራይ ልትጨምሩብኝ ነው ወይ ብዬ ቀለድኩባቸው። አንድም ሰው አልሳቀም። በዕድሜዬ ቀልዴ መሬት ሲወድቅ አይቼ አላውቅም። ዝቅ ብዬ ሳይ የዘነበች ነጠላ ተዘቅዝቋል።

አቶ ዑመር ሁለት እጄን ያዘኝና፣ "ጋሼ፣ እህቴ ዐረፈች" አለኝ። ሚስትህ አላለኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ራሴ በቅጡ አላስታውስም፤ ተሾመ ነው የነገረኝ። ሳሎናችን ሞልቶ ሰዉ መተላለፊያው ላይ ተቀመጠ። ማዳም ከታች ራዲዮኑን አስዘጋች፤ ድምፁ ምግብ ቤት ወረደ፣ ማንንም አልተቆጣችም። አልቃሽ የለም ሲባል ዘነበች ተነሣች። በዓለም ከተማ እናቷ አልቃሽ ነበሩ ለካ። ስለ ዘርሽ፣ ስለ አገርሽ የምታውቀው የላትም፤ ያየችውን ይዛ አወረደችው።

በየበሩ ቆማ ስትቀሰቅሳችሁ፣
ዛሬ ተኛችና ምነው ዝም አላችሁ።

ይህን ስትል አማርኛ የሚያውቀውም የማያውቀውም አለቀሰ አሉ።

ክረምቱ መንገዱን ስለዘጋው ወደ አገርሽ ልወስድሽ አልቻልኩም፤ እዚያው ቀበርንሽ። መቃብርሽ ላይ የቆመው ሰው ከዚያች ሆቴል የወጣ ነው። ከዚያ መንገዱ ሲከፈት ብቻዬን ወደ መንደራችን ወደ ቀየት ተመለስኩ፣ ልብስሽን ይዤ። አገሩ በልብስሽ ላይ አለቀሰ። እማሆይ ግን አላለቀሱም። መደባቸው ላይ ተቀምጠው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ሰው ወጣ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ አስጠሩኝ።

"ለልጄ ማን አለቀሰላት? እንደ ልማድህ አትቀልድብኝ፣ እውነቱን ንገረኝ" አሉኝ።

አስካልዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለሳቅ ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ አንዲት ውሸት ብናገር ሁሉም ነገር ይቀል ነበር። የመንዝ ሰው ተሰብስቦ፣ ካህናት ከብበዋት፣ በዘመድ ቤት ተለቀሰላት ማለት እችል ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። ሆቴሉንም፣ በር ማንኳኳትሽንም፣ አቶ ዑመርንም፣ ማዳምንም እንዳለ ነገርኳቸው። ዘመድ ከተሾመና ከእኔ በስተቀር እንዳልነበረ፣ ያረዳኝም እስላም እንደሆነ ነገርኳቸው። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ ቁጣቸውን ጠበቅሁ።

እማሆይ ግን ቀና ብለው አዩኝ። "የዚያ ያረዳህ ልጅ እናት፣ ስሟን ማን አልከኝ?" አሉ።

ፋጡማ አልኳቸው።

ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ፋጡማዬ፣ ልጅሽን በሰው አገር ትተሽው፣ ፋጡማዬ እያሉ ጀመሩ። ከውጭ የነበረው ሰው እማሆይ ልባቸውን ሳቱ ብሎ እየሮጠ ገባ። አልሳቱም። የሰውየውን እናት አልቅሰው፣ ለልጃቸው የተለቀሰውን ዕዳ መልሰው፣ ከዚያ ነው አንቺን በስምሽ የጠሩሽ። እኔም ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቼ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ከተማው ሁሉ አልወጣም፤ ቀየት ግን ወጣች።

የሞላሌው ሰውዬ ይህን አያውቅም። አልፈርድበትም፤ እኔም ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

ሙት ዓመትሽ ሲወጣ አቶ ዑመር እመጣለሁ ብሎ በተሾመ በኩል ልኮብኛል። እማሆይ ይህን ሲሰሙ አንዱን በግ ለብቻው አቆይ፣ የሚያርድለት የሃይማኖቱን ሰው ከአሁኑ ፈልግ ብለው ያዙኝና፣ በየቀኑ ፈለግህ ወይ ይሉኛል። አልረሳሽም፣ አስካልዬ። ዓመት በዞረ ቁጥር ሰው ጠርቼ፣ እንጀራ ቆርሼ፣ ስምሽን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ልርሳሽ ብል እንኳ እናትሽ አይፈቅዱልኝም።

ያንቺው
ተክሌ