«እኔ» ማለት ማን ነው?

አካም ነሽ ልጄ ካውሰር፣ ናጋ ነው ወይ? አላህ ከዚያ አገር ብርድ ይጠብቅሽ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ነገሌ ዝናቡ ገብቷል፤ ባጃጆቹ ሱቄ በር ላይ ጭቃ እየረጩ አስቸግረውኛል።

አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ አትቆጪኝ። የገዛሽልኝ ኮምፒውተር በኢሜይል የመጣ ፋይል ልከፍት ስል ሁልጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሰለቸኝና ሁለተኛ እንዳይጠይቀኝ አደረግኩት። ባለፈው ሳምንት «እማ እኔ ነኝ፣ ፎቶ ልኬልሻለሁ» የሚል መጣ። አንቺ መስለሽኝ ከፈትኩት። ለካ ቫይረስ ነው፤ የአባትሽን ፎቶዎች አንድ ሳያስቀር በላብኝ።

አባትሽ ሀሺ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሳይጠይቅ በር ከፍቶ ያውቃል? «ኤኙ? ማን ነው?» ይላል። አንቺ ከትምህርት ቤት ዝናብ መቶሽ «እኔ ነኝ!» ስትዪ፣ ድምፅሽን እያወቀ «ሁሉም እኔ ነው፤ እኔ ማለት ማን ነው?» ይልሻል። እኔ ከጓዳ «ኧረ ክፈትላት፣ ልጅቷ በሰበሰች!» እያልኩ እጮህበት ነበር።

ወታደር ካምፑ አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላት እሙሽ ማስጠንቀቂያውን መልሳልኛለች። አሁን ኮምፒውተሩ በጠየቀኝ ቁጥር አባትሽ በሩ ላይ የቆመ ይመስለኛል፤ አልሰለችም።

ያሰብሽውን አላህ ያሳካልሽ፣ ልጄ። አንቺ ጋ የቀሩት የአባትሽ ፎቶዎች ካሉ ላኪልኝ። ግን «እኔ ነኝ» ብቻ እንዳትዪኝ። ያኔ በር ላይ ቆመሽ እንደምትዪው «ካውሰር ሀሺ ነኝ» ብለሽ ጻፊ። እሱም እየሳቀ የሚከፍትልሽ ይሄን ስትዪ ነበር።

እናትሽ ዘቢባ