የሙከራ ትምህርት፦ ዲያሌክቲክ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ዓርብ የሙከራ ትምህርት ስጥ ተባልኩ! መገናኛ አጠገብ የተከፈተው ኮሌጅ የሎጂክ መምህር ይፈልጋል። ርዕሱን የመረጠችው ዲሬክተሯ ናት። "ዲያሌክቲክ ምንድን ነው?" ስትለኝ ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። በደርግ ጊዜ በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር! ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቼ በባለቤቴ በአልማዝ ስፌት ነው የኖርነው። ይህን ካበላሸሁ ሌላ የሚጠራኝ የለም።

ረቡዕ

የድሮ ማስታወሻዎቼን አወጣሁ። መፈክር ብቻ! ዲያሌክቲክ በቀላሉ፦ አንድ ሐሳብ ይቀርባል፣ ተቃራኒው ይፈትነዋል፣ ከሙግቱ የተሻለ ሐሳብ ይወጣል። ይኸው ነው። ተማሪዎቹ ሊጠይቁ የሚችሉትን ሰባት ጥያቄ ከነመልሱ ጻፍኩና ለአልማዝ አነበብኩላት።

"ጥያቄውንም መልሱንም አንተ ከጻፍከው፣ ልጆቹ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?" አለችኝ።

ተናደድኩ። እሷ ስለ ዲያሌክቲክ ምን ታውቃለች!

ሐሙስ

ቤት መቀመጥ አላስቻለኝም። ቦሌ መድኃኔዓለምን ሁለቴ ዞርኩት። በክበቡ ጊዜ ጥያቄውን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ለአባላቱ አስቀድሜ የማድለው እኔው ነበርኩ። ተነሥተው ያነቡልኛል፣ እመልሳለሁ፣ ይጨበጨባል። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ተሟግቶኝ አያውቅም። አፈርኩ። ፈራሁም። ነገ አንዱ ቢሟገተኝስ?

ዓርብ

ተሟገቱኝ! "ቦኖ ውሃ ላይ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቅዳ፤ ፍትሕ ይህ ነው" ብዬ ጀመርኩ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ቀድሞ የመጣው ጀሪካኑ ነው ወይስ ሰውየው? ጀሪካኑን አሰልፎ ቤቱ የሚተኛ አለ እኮ። እኔ ከኋላው ቆሜ ፀሐይ ይመታኛል።"

ክፍሉ ሳቀ። ካዘጋጀሁት መልስ አንዱም አልገጠመም።

"ልክ ነሽ። እንግዲያው ብዙ የቆመ ይቅዳ" አልኩ።

"መቆም የማይችል በሽተኛስ?" አለ ሌላው።

ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። "እንጃ! እስቲ አብረን እንየው" አልኩ። ተራ ይኑር፣ አቅም ያጣ ግን ይቅደም፣ ማን እንደሚቀድም ደግሞ የቆሙት ይወስኑ። እዚህ ስንደርስ ተደወለ። ዲሬክተሯ ጥግ ተቀምጣ ትጽፍ ነበር።

ልጅቷ "የቆሙት ቢያዳሉስ?" እያለች እስከ ታክሲ ማቆሚያው ተከተለችኝ። እዚያው ስንሟገት ሦስት ታክሲ አለፈኝ። ቤት ስደርስ አልማዝ ገና በሩ ላይ "እሺ፣ ቀጠሩህ?" አለችኝ።

መጠየቁን ረስቼው መጥቻለሁ።