እስከ ውሃው ስንት እርምጃ

ኦስትያ፣ ሮማ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.
ዲቼምብሬ 12 ቀን 2018

ለልጄ ለሰብለወንጌል፣

እዚያ ያለሽበት በርገን ብርዱ ጠንክሯል ሲሉ ሰማሁ፤ ደረትሽን ሳትሸፍኚ እንዳትወጪ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ካልቆጠርነው። ያልደወልኩት በስልክ ከጀመርን ስለምንጣላ ነው።

የጥቅምቱ ማዕበል የምጠብቀውን ስታቢሊሜንቶ፣ የባሕር ዳር መዝናኛውን፣ አሸዋ ጠርጎ ወሰደው። ጃንጥላ የምንተክልበት ቦታ የለም። ነፋስ ሲነሣ ውሃው የክፍሌን ግድግዳ ይመታል። መንግሥት በአደጋው ለተጎዱ ዳርቻዎች አሸዋ መመለሻ ገንዘብ መድቧል። ነገር ግን አሸዋውን የወሰደው ይኸው ማዕበል ለመሆኑ ማስረጃ ይፈልጋል። የመዝናኛው ባለቤት ሲኞራ ማሪዛ ምንም ማስረጃ አልነበራትም። እኔ ግን ደብተሬ አለኝ። በየእንቁጣጣሹ ጠዋት ከክፍሌ በር እስከ ውሃው በእርምጃ እንደምለካ ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሳለሽ አብረሽኝ ትቆጥሪ ነበር። ዘንድሮ መስከረም አንድ ቀን አርባ ሰባት ነበር። በማዕበሉ ማግስት አሥራ ዘጠኝ። ደረቴን ነፍቼ ደብተሩን ለመንግሥት ቢሮው አስረከብኩ።

የቢሮው ሰው የመጨረሻውን ገጽ አየና፣ «አሎራ፣ ሲኞር ግዛቸው፣ አሸዋው የሄደው በ2011 ነው፤ ራስዎ ጽፈውታል። ከሰባት ዓመት በፊት ለሄደ አሸዋ ገንዘብ አንሰጥም» አለኝ።

«የኛ 2011 ዘንድሮ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ቫ ቤኔ፣ እንግዲያው በመሐላ የተረጋገጠ ትርጉም ያምጡ።»

እስከ ጥር 7፣ በነሱ ጄናዮ 15 ድረስ ጊዜ ሰጠን። ገንዘቡ ካልመጣ መዝናኛው በጸደይ አይከፈትም፤ የምተኛበት ክፍልም አብሮ ይዘጋል። ኩሽና የምትሠራው እልፍነሽ፣ «ጋሼ፣ በእንቁጣጣሽዎ ሁላችንንም ሥራ ፈት አደረጉን» አለችኝ። ቀልዴን ነው አለች። ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት በዚህ አትቀልድም።

የዛሬ አምስት ዓመት «አባዬ፣ ሁለቱንም ቀን ይጻፉ እንጂ» ስትዪኝ፣ «የፈረንጅ ገረድ» ብዬሽ ነበር። ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ። ዘመን አቆጣጠሬን ዛሬም አልለውጥም።

የሚተረጉመው ሰው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ መማል አለበት። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር የሰው ወረቀት የሚጽፈው ረዘነ፣ «እኔ በአንድ ቀን እጨርስልዎታለሁ» ብሎ ነበር። እምቢ አልኩት። የእጅ ጽሑፌን አያውቀውም።

አንቺ ታውቂዋለሽ።

ዛሬ ጠዋት ለካሁ፤ አሥራ ሁለት። ምናልባት ጉልበቴ እርምጃዬን አሳጥሮት ይሆናል። አንቺ ብትቆጥሪው ይሻላል።

ኡራኤል ከበረዶውም ከነፋሱም ይጋርድሽ።

አባትሽ
ግዛቸው

ከላይ ሁለቱንም ቀን ጽፌያለሁ። አይተሽው ይሆናል።