ቻይናዋና የስቅለት ስግደት

ዓርብ

ዛሬም ዝንብ ስናባርር አረፈድን። ስፖርት ይሉታል፤ እኔ ግን ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ሃያ የምንሆን አሮጊቶች ሐይቁ ዳር ተሰልፈን እጃችንን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ጎን፤ የሌለ ዝንብ እሽ እያልን። በታንኳ የሚያልፉት ዓሣ አጥማጆች መቅዘፊያቸውን አቁመው ሳቁብን። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

የምታስተምረን ቻይናዋ ሐኪም ናት። ከመንገድ ሠሪዎቹ ጋር መጥታ ከተማ የቀረች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች ሴት። ከአማርኛ የምታውቀው «ጥሩ» እና «ቀስ» ብቻ ነው። አገሩ ሁሉ ሲሮጥ እኛን «ቀስ» የምትል አስተማሪ አመጡልን።

ያመጣችብን የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ አስናቀች ናት። «የሰፊው ሕዝብ እናቶች ጤናቸው ይጠበቃል፤ የቀረች ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አታገኝም» አለች። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷው ናት፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ሰሌዳውን በዱላ እየደበደበች። ይህን ስጽፍ እንኳ የሷ ውለታ አለብኝ። ያናድዳል።

ስኳሩ ምክንያት ነው። እንዳልቀር ያደረገኝን ግን ለማንም አልነገርሁም። ጉልበቴ ነው። አምና በስቅለት ስሰግድ ግንባሬን መሬት ካስነካሁ በኋላ መነሣት አቃተኝ። ሁለት ኮረዶች በብብቴ ይዘው እንደ እህል ጆንያ አነሡኝ፤ ምእመኑ ሁሉ እያየ። ጎረቤቴ የሺ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ዘንድሮ ማንም እንዳያነሣኝ። ሌላ የምፈልገው የለም።

እሑድ፣ ሆሣዕና

ዘንባባዬን ግንባሬ ላይ አስሬ ተመለስሁ። የሺ ቅዳሴው ላይ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«ብርቄ፣ ዘንድሮስ ኮረዶቹን ቀጥረሻቸዋል?»

«አዎ፣ አንቺን እንዲያነሡ» አልኋት።

እሷም ታነክሳለች፤ የራሷ ማነከስ አይታያትም። ወደ ስፖርቱ «ስኳሩም ይቅርብኝ» ብላ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም። ኩሩ ናት።

ቤት ገብቼ አልጋዬን ይዤ ሞከርሁ። ወረድሁ። ስነሣ አልጋው አብሮኝ መጣ።

ሰኞ

ጉድ ሆነ።

ሰሙነ ሕማማት ስለ ገባ ሁላችንም ጥቁር ለብሰን ነበር የመጣን። ቻይናዋ ፊታችንን ወደ ዓባይ ማዶ፣ ወደ ፀሐይ መውጫው አዞረችን። አዲስ ነገር አመጣች፤ ቀስ ብሎ በጉልበት ዝቅ ማለት። ዝቅ ስንል ከቤተ ክርስቲያኑ የ«ኪርያላይሶን» ዜማ ተሰማ። ጉልበት የለመደውን ያደርጋል። ያ ሁሉ አሮጊት በአንድ ጊዜ ወርዶ ግንባሩን ሣሩ ላይ ደፋ። «ኪርያላይሶን!» ቻይናዋም የትምህርቱ ክፍል መስሏት ይሁን ምን እንጃ፣ እሷም ግንባሯን ደፋች። ቀና ስትል አፍንጫዋ ላይ አፈር ይዛ «ጥሩ! ጥሩ!» ትላለች።

ጓድ አስናቀች ጮኸች። «እናቶች! ይህ ስፖርት ነው ወይስ ደብር?»

«ደብር ቢሆንማ አንቺን ማን ያስገባሽ ነበር!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። የኔ ድምፅ ነው። አላወቀችብኝም።

እኔ ግን ያኔም አልተነሣሁም። ቻይናዋ ናት እጇን የሰጠችኝ። ያን ጊዜ ቀና ስል የሺን አየኋት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስታልፍ መንገዱ ላይ ቆማ፣ ዓይኗ ፈጦ።

ማክሰኞ

የሺ አላሳደረችውም። የነፍስ አባቴ አባ ተክሌ አስጠሩኝ፤ እንደ ልማዳቸው በክርስትና ስሜ ጀመሩ።

«ወለተ ኪዳን፣ ለፀሐይ መስገድ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ስፖርት ነው አባቴ።»

«ስፖርት ግንባር ያስደፋል?»

«ግንባራችንን የደፋነው በልማዳችን ነው። እሷ ጉልበት ብቻ ነው ያለችው።»

«ቻይናዋም ሰገደች አሉ።»

«እኛን አይታ ነዋ!»

አላመኑኝም። በሰሙነ ሕማማት ንስሐ አይሰጥም፤ መስቀልም አያሳልሙም። «ዓርብ ከወይራው ጋር እንገናኝ» ብለው ተነሡ፤ ሲነሡ ግድግዳውን ይዘው፣ ጉልበታቸው እንደ ደረቅ እንጨት እየተንቋቋ። እኔን የሚቀጡት እኝህ ናቸው።

ዓርብ ማለታቸው ገብቶኛል። በስቅለት ቀኑን ሙሉ ተሰግዶ፣ ማታ ሰው ሁሉ እየቀረበ ጀርባውን በወይራ ቅጠል ይጠበጠባል፤ ካህኑ የወደደውን ያህል ስግደት ይጨምርበታል። እዚያው፣ በሰው ፊት። ቀኑንስ ቢሆን መቼ ልዘልቀው።

ረቡዕ

ጓድ አስናቀች ስፖርቱን ዘጋችው። አድኃሪ አመለካከት ሰርጎ ገብቶበታል አሉ። ብቻዬን ሳቅሁ። ቤተ ክህነቱ ለፀሐይ ሰገዳችሁ ይለናል፤ ቀበሌው ለእግዜር ሰገዳችሁ ይለናል። በማይታጠፍ ጉልበት በሁለት ወገን ተከሰስሁ።

ጉልበቴን በቅባኑግ አሸሁት። ምንም።

ሐሙስ

ጧት ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ለምን እንደ ሄድሁ አልጽፍም። ቻይናዋ ብቻዋን ቆማ ዝንቧን ታባርራለች። መዘጋቱን አልነገሯት ይሆናል፤ ወይም ነግረዋት ደንታ አልሰጣትም።

ሰላምታ አልሰጠኋትም። ፊቷ ሰገድሁ፣ መሬት ላይ ቀረሁ፣ ከታች ሆኜ አየኋት። ይኸው በሽታዬ፣ ማለቴ ነው።

አልሳቀችም። ብትስቅ ኖሮ እገላት ነበር። ተንበርክካ አንድ እግሬን ወደ ፊት አስቀመጠችው። ተረከዜን በእጇ መሬት ላይ ተጫነችው። በረጅሙ ተነፈሰች፤ እኔም ተነፈስሁ። «ቀስ።» ለካ ዕድሜ ልኬን እንደ ላም ነው የምነሣ፤ ከኋላዬ ጀምሬ፣ በወገቤ። ተረከዜን ረግጬ ሳልቸኩል ስነሣ፣ ቆምሁ። ደገምነው። ደገምነው። ፀሐይዋ እስክትከር እሷም አልሰለቻትም።

እንዳልወደድኋት እንድታውቅ ፊቴን አልፈታሁም። ማታ ግን ከጉልባኑ ትንሽ ቋጥሬ በሯ ላይ ተውሁላት። ውለታ እንዳይኖርብኝ ነው።

ዓርብ፣ ስቅለት

መሽቷል። ግን ልጻፈው።

ከጧት ጀምሮ ሰገድሁ። ተረከዝ፣ ትንፋሽ፣ ቀስ። ወጣቶቹ እንደ እሳት ሲወርዱ ሲወጡ እኔ በራሴ ልክ። ኮረዶቹ ከኋላዬ ሲያደቡ ሰማኋቸው። «ዞር በሉ» አልኋቸው።

ከሰዓት በኋላ የሺ ወረደች፤ ቀረች። መሬቱን በጥፍሯ ትቧጥጣለች። ኮረዶቹ ሲሮጡ በእጄ ከለከልኋቸው። አምናን ሁሉ ላፈስባት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ «እግርሽን ወደ ፊት። ተረከዝሽን ርገጪ። ቀስ» አልኋት። በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። ግን ተነሣች። ራሷ።

ማታ ወረፋዬ ሲደርስ አባ በወይራው ጀርባዬን ጠበጠቡና፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«አርባ አንድ ስገጂ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሰገድሁ። እንዴት እንደ ነበር አልዘረዝርም። መጨረሻዋ ላይ ዓይኔ ጨለመ፤ ተረከዜ ግን መሬቱን አልለቀቀም። ማንም አልነካኝም።

ቅዳሜ

አባ ቄጤማ ሊያድሉ በየቤቱ ሲዞሩ እኔም ዘንድ መጡ። ግንባሬ ላይ አስረውልኝ ወዲያው አልሄዱም። ደጃፉን ይዘው ቆሙ።

«ወለተ ኪዳን፣ ጉልበትሽን ማን ሠራው?»

«ያቺ ለፀሐይ የምትሰግደው ቻይና።»

ቄጤማቸውን አገላበጡ። ከዚያ፣ እንደ ትልቅ ምሥጢር፣ «ከነገ ጀምሮ በዓለ ሃምሳ ነው። በሃምሳው ቀን ስግደት የለም።»

«አውቃለሁ አባቴ።»

«ስግደት ከሌለ፣ ሰው ሐይቁ ዳር ቢወርድና ጉልበቱን ቢያጥፍ፣ ሰገደ አይባልማ።»

ይህን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ የተማሩት ለዚህ ነበር። ሳቄን በነጠላዬ ያዝሁት። ማክሰኞ ማለዳ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፣ እርስዎም ይምጡ አልኋቸው። የሺም ማታ አጥር ላይ ቆማ፣ እየተቆጣች፣ ስንት ሰዓት ነው ብላ ጠይቃኛለች።

ቻይናዋ ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ጓድ አስናቀች እንዳታባርራትም እፈራለሁ። ካልመጣች ሁለቱን ፊት ለፊቴ አቆማቸዋለሁ፤ አባንና የሺን። «ቀስ» የምል እኔ እሆናለሁ።