መብራት እስኪመጣ የታሸገችው ፀሐይ

ይድረስ ለተከበሩ የአካባቢያችን የመብራት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ታላቅ የምሥራች ለሕዝብ በይፋ ሳበስር ክብር ይሰማኛል፤ ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በሰፈራችን መብራት መጥቶ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቷል። ጎረቤቶቼ ቻርጀር ይዘው ሲሯሯጡ፣ እኔ በሰባ ስምንት ዓመቴ መሮጥ ስለማይሆንልኝ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ለመሆኑ እርስዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ጄኔሬተር ሁሉም ደኅና ናቸው? የጄኔሬተሩን ደኅንነት እንኳ ከድምፁ በየዕለቱ እንረዳለን፣ ተመስገን።

ጉዳዬ አጭር ነበር፤ ወደ አራት ወር ያረዘመው የእርስዎ ቢሮ ነው። ባለቤቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊኗ ሙቀት ላይ ከከረመ ይበላሻል፤ ከዚያ የሚከተለውን ለእርስዎ ለተማሩት ሰው መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። በዚህ ምክንያት ሶላር ለማስገባት ቆረጥን። ሻጩ ቤታችንን ሳያይ ስምንት ፓነል ሊያሸክመን ነበር፤ አስተማሪዋ የልጅ ልጄ ግን በየዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት አንብባ፣ ትንሿን ማቀዝቀዣ፣ አራት አምፖልና ሬዲዮኔን ደምራ፣ ሁለት ፓነልና አንድ ባትሪ ይበቃችኋል አለችን። ቴሌቪዥኑን ከዝርዝሩ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ስለ አገልግሎትዎ መግለጫ ሲሰጡ ባትሪያችን በከንቱ እንዳያልቅ ብዬ ነው።

ሥራው በሁለት ቀን አለቀ። ከዚያ ወዲህ የተደረገልንን ውለታ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከቢሮዎ የተላኩልን ተቆጣጣሪ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው፤ መሰላል ቢቀርብላቸው ግን ከፍታ ራሳቸውን እንደሚያዞራቸው ነገሩን። ቅጹ ደግሞ ተቆጣጣሪው ፓነሎቹን በዓይኑ አይቶ ይቆጥራል ስለሚል፣ እሳቸው መንገድ ላይ ቆመው መቁጠር እንዲችሉ ፓነሎቹ ወደ መንገዱ እንዲዞሩ አዘዙ። በዚያ በኩል ከሰባት ሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ፎቅ ጥላውን ይጥላል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ ሁለት ይቆጥር ዘንድ የግማሽ ቀን ፀሐይ ገበርን፤ አይቆጨንም፣ ለትምህርት የዋለ ነውና።

፪ኛ. ቤቱን ከእናንተ መስመር ወደ ሶላር የሚያዞረው ማቀያየሪያ የሚፈተነው የእናንተ መብራት ባለበት ሰዓት ብቻ እንደሆነ መመሪያው ያዛል፤ እስኪፈተን ድረስም በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ይታሸጋል። ተቆጣጣሪው አምስት ጊዜ መጥተው አምስቱንም ጊዜ መብራት አልነበረም። እንግዲህ መብራት ስለሚጠፋ ሶላር ገዛሁ፤ መብራት ስለጠፋ ደግሞ በሶላሬ መጠቀም አልችልም። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ የእኔዋ ግን ይኸው ቆርቆሮ ላይ ተኝታ በየቀኑ አያታለሁ። ማክሰኞ ዕለት ስልክ ደውዬላቸው ተቆጣጣሪው እያለከለኩ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ በር ላይ ደረሱና፣ «ምናለ አባባ፣ ትንሽ ቢያቆዩልኝ?» ብለው ወቀሱኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የመብራቷን ጭራ ይዤ ማስቀረት ነበረብኝ።

፫ኛ. አቤት ልል ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ማመልከቻዬ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ የሚያገለግለው የእርስዎን ክፍል ብቻ ነው። በመስኮቱ ያለችው ልጅ «አባቴ፣ መብራት ሲመጣ ይመለሱ» አለችኝ። መቼ ነው የሚመጣው ብላት ሳቀች። ከቢሮዎ በአራት ወር ውስጥ ያገኘሁት እውነተኛ መልስ ያ ሳቅ ብቻ ስለሆነ ደመወዝ እንዲጨመርላት በትሕትና አመለክታለሁ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ መድኃኒቱን ያኖርነው እርጥብ አሸዋ በከበበው ሸክላ ውስጥ ነው፤ ጠዋትና ማታ ውኃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ሙቀቱ በረታና ሸክላው አልቻለውም። ባለቤቴ የተበላሸ መድኃኒት ስትወጋ ከርማ ኖሮ አንድ ጠዋት ጓዳ ውስጥ ወደቀች፤ ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኛች። እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም፤ ቢመጣም አልጽፈውም።

ማክሰኞ ማታ ይህን ደብዳቤ ልጀምር ወረቀት ሳወጣ ባለቤቴ አይታኝ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ደብዳቤ አያቀዘቅዝም እኮ!» አለችኝ። እኔ ግን ሕግ አክባሪ ዜጋ ነኝና ብዕሬን አነሳሁ።

ዕድሜ ከጄኔሬተር ናፍጣ ጋር አብዝቶ ይስጥዎ እያልኩ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

እሽግዎን እንደ ዓይኔ ብሌን የምጠብቀው፣ ከመንገድ ሊቆጠሩ የሚችሉ የሁለት ፓነሎች ባለቤት፣ ትሑት ደንበኛዎ።

ማሳሰቢያ፤ በዕድሜዬ መዋሸት ስለማያምርብኝ፣ ከላይ አንዲት መስመር ከራሴ እንደጨመርኩ እናዘዛለሁ። የአሥራ አንዱ ደቂቃ እንዳይመስልዎ፤ እሱን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ፈጠራው እሽጉን እጠብቃለሁ ብዬ የፈረምኩባት መስመር ናት። ተቆጣጣሪው ከበር በተመለሱ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ባለቤቴ በልብስ ስፌት መቀሷ ቆርጣዋለች፤ የቆመችበትን ወንበር ደግፌ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ፓነሎቹንም የገጠማቸው ባለሙያ ወደ ፀሐይ መልሷቸዋል፤ ከመንገድ አይታዩም። ይህን ስጽፍ ማቀዝቀዣዋ ከጎኔ እያጉረመረመች ነው፤ መድኃኒቱም ውስጧ ነው። ሊከሱን የሚመጡ ከሆነ ክሱን የሚጽፉበትን ኮምፒውተር ይዘው ይምጡ፤ እኛ ቤት መብራት አለ።