ያልለበስኩት ቲሸርት

ሰኞ

እማዬ አልፈርምም አለች። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼላት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

«አንዱን አፈር በላው። አንዱን ደግሞ በገዛ እጄ ለቢላ ልስጥ?» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ነገ ነው። ቀጠሮውን ያስያዘልኝ ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን ነው፤ ወባ ሳይዘው በፊት። ሶሎ ነበር የምንለው። ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጣበትና በሳምንቱ አጣነው። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ አርባው ነው።

ስለ ደረቴ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው። ጡት አለኝ። ወፍራም አይደለሁም፤ ክንዴም እግሬም ቀጫጭን ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ጀመረ። ይጠፋል ተባለ። አሁን አሥራ አንደኛ ነኝ። ሐኪሙ ለእኔና ለሶሎ ሲያስረዳን «የሆርሞን ነገር ነው። ብዙ ወንዶች ልጆች ላይ ይወጣል፤ አብዛኞቹ ላይ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ያንተ ግን ቆየ» አለ። በጋምቤላ ሙቀት ጃኬት ለብሼ ነው የምማረው። ክፍል ውስጥ ቢንያም የሚለኝ የለም፤ ስሜ «በረዶ» ነው። ጃኬቱን ያወለቅኩ ቀን ደግሞ ሌላ ስም አለ። እሱን አልጽፈውም።

ያስወሰነኝ ግን ስድቡ አይደለም። ቲሸርት ነው።

በሣልስቱ የሶሎ ጓደኞች ፎቶውን ቲሸርት ላይ አሳትመው መጡ። ድንኳኑ በነጭ ተሞላ፤ ሁሉም ደረት ላይ የሶሎ ፊት። ጥቁር የለበሰው ኦጁሉ ብቻ ነበር። ኦጁሉና ሶሎ አንዲት ባጃጅ በፈረቃ የሚነዱ ጓደኛሞች ነበሩ። ከሌሎቹ ይልቅ ሐዘኑ የከፋበት እሱ ስለሆነ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ለእኔም የኔን በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ። አልፈታሁትም። ነጭ ቲሸርት እኔ ላይ ምን እንደሚያሳይ አውቃለሁ። ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ ተቀመጥኩ።

«ወንድምየው የቱ ነው?» አለች አንዲት ለቅሶ ደራሽ። ጠቆሟት። «ታዲያ ምነው ፎቶውን ሳይለብስ? ተጣልተው ነበር እንዴ?»

እኔም ሰማሁ። እማዬም ሰማች።

ለአርባው እለብሰዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አመሻሽ ላይ «እማዬ፣ ይሄን የፈለገው ሶሎ ነው» አልኳት። ፈረመች። ሶሎ ያለኝ ግን ሙሉው እንዲህ ነበር፦ «ቀጠሮው አለልህ። ሐሳብህን ብትቀይር ደግሞ ማንም አይጠይቅህም።» ሁለተኛውን አልነገርኳትም።


ማክሰኞ

አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፊደሌ የሕፃን ይመስላል።

ጠዋት ረጅሟ ሲስተር ጃኬቴን አይታ «አንተ፣ ደጋው ጎሬ ያለህ መሰለህ እንዴ? አውልቅ!» አለችኝ። አወለቅኩ። ሐኪሙ አቆመኝና ደረቴ ላይ በእስክሪብቶ ክብ ሠራ። ሌሎችም ሰዎች ነበሩ። ደረቴን ገልጬ ሰው ፊት የቆምኩት ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። የሳቀ የለም። አንዱ እንዲያውም ያዛጋ ነበር።

ይሄን ያህል ብቻ ነበር እንዴ የሚፈራው?

ስነቃ ደረቴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ። በሁለቱም ብብቴ ሥር ቀጭን ቱቦ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ደም የምታጠራቅም ጠርሙስ አለች። ደረቴን በላስቲክ ፋሻ ጥፍንግ አድርገውታል። እማዬ ግርጌዬ ተቀምጣ ሁለቱንም እግሮቼን ይዛለች። ተነሥቼ እንዳልሄድባት ይመስል።

አጠገቤ ከኢታንግ የመጡ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። «ምንህን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ትርፍ አንጀት።»

ፋሻውን አዩት። «የሰው ትርፍ አንጀት ታች ነው። ያንተ ለምን ወደ ላይ ወጣ?»

እማዬ ሳቀች። ሶሎ ካረፈ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ የሰው ዕቃ እንዳነሣች ሁሉ።


ረቡዕ

ቤት ገባሁ። የተከለከልኩት፦ እጅን ከትከሻ በላይ ማንሣት። ጀሪካን መሸከም። በጎን መተኛት። በሆድ መተኛት። መሮጥ። ፋሻውን መፍታት። ባሮ ገብቶ መዋኘት።

የመጨረሻውን ሲስተር ስትነግረኝ «እሺ» አልኩ። ባሮ ገብቼ አላውቅም። እዚህ ተወልጄ ባድግም።

ሶሎ ባጃጇን ለኦጁሉ ካስረከበ በኋላ ወንዝ ሳይወርድ አይውልም ነበር። እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ልብሱንና ስልኩን እጠብቃለሁ። «ና እንጂ አንተ! ከነጃኬትህ ግባ!» ይለኛል። አዞ አለ እለዋለሁ። «አዞ ጃኬት አይበላም፣ ና!» ውሃ ይረጨኛል፤ እኔ ስልኩን ከውሃ አሸሻለሁ።

ዛሬ ጣራ ጣራ እያየሁ ሳስበው፣ ከነጃኬቴ መግባት እችል ነበር። እሱ የሚቀልድ ነበር የመሰለኝ። የምሩን ነበር።


ሐሙስ

መብራት ጠፍቷል። ቬንትሌተሩ ቆሟል። ፋሻው ሥር ላብ ይንቆረቆራል፣ ያሳክካል፣ ማከክ አይቻልም። አለቀስኩ። እማዬን አመመኝ አልኳት።

እማዬ ሽንኩርቷንና ቲማቲሟን ይዛ ጀዊ፣ ስደተኞቹ ካምፕ፣ ለመሸጥ መውጣት ትታለች። ከሶሎ በኋላ ገና መሥራት ልትጀምር ነበር፤ ይኸው በእኔ ምክንያት ቁጭ አለች። ጠርሙሶቹን የምትደፋልኝ እሷ ናት። ሲስተር እንዳሳየቻት ከፈተች፣ ደፋች፣ ጨምቃ ዘጋች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ዞር ብላ «ጥሩ ነው፣ ቀንሷል» አለችኝ።

ልጇን ቀብራ ሳትጨርስ የሌላውን ልጇን ደም አስደፋኋት። ሁለት ወር ብታገሥ ምን ነበረበት? ሐኪሙ አልቸኮለም። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጥሩ ነገር፦ ያለማንም እርዳታ ከአልጋ ተነሣሁ። በክርኔ ሳልደገፍ፣ በሆዴ ብቻ።


ቅዳሜ

ቱቦዎቹ ወጡ። ሲወጡ ከውስጥ እባብ የሚጎተት ነው የሚመስለው። ፋሻው ሲቀየር አየሁት።

ጠፍጣፋ ነው። ሐምራዊና ቢጫ ሆኗል፤ ስፌቱ አካባቢ ጠቁሯል። ግን ጠፍጣፋ። ይሄን ቀን ስንት ዓመት በሕልሜ አይቼው ነበር። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እየጠበቅኩ ፋሻው ተመልሶ ተጠቀለለ።

ሐኪሙ በጣቱ ነካ ነካ አደረገኝ። «ይሰማሃል?»

«የት ነው የነኩኝ?» አልኩ።

«ይመለሳል። ወራት ሊወስድ ይችላል። አንዳንድ ሰው ላይ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቀድሜ ነግሬህ ነበር።»

ነግሮኝ ነበር። ያኔ የሰማሁት የፈለግኩትን ብቻ ነው። ስለ ሥጋው ምርመራ ስጠይቀው ደግሞ የሚያሰጋ ነገር የለውም አለኝ። ይሄን ለእማዬ ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

ከሆስፒታሉ ስወጣ ለሶሎ ላሳየው ነበር ያሰብኩት። በር ላይ በቆሙት ባጃጆች መካከል እየፈለግኩት አለፍኩ። እማዬ «ምን ጠፋብህ?» ስትለኝ ነው የነቃሁት።


ሐሙስ፣ ሁለተኛው ሳምንት

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጃኬት ለብሼ! በሩ ላይ ደርሼ ነው ልብ ያልኩት። እጄ በልማድ አንሥቶት ይሆናል። አውልቄው መግባት እችል ነበር፤ አላወለቅኩትም። ቢያዩ ምን ሆነህ ነው ይላሉ፤ ባያዩም ያው ነው። «በረዶ ድኖ መጣ!» አሉ ከኋላ። የታመምኩት ወባ ነው ብያለሁ። ወባ ማለቴን ቆይቼ ጠላሁት። ከበሽታ ሁሉ ምነው እሱን መረጥኩ።


ቅዳሜ

እድርተኞቹ ለነገ ድንኳን ሊተክሉ መጡ። ካስማ ልያዝላቸው ስል እማዬ ከበረንዳ ጮኸችብኝ። ገባሁና ፌስታሉን ስጪኝ አልኳት። ከሳጥኗ ውስጥ አወጣችልኝ። ቋጠሮው ኦጁሉ እንደሰጠኝ ነው።

ፈታሁት። ነጭ አይደለም። ጥቁር ነው። ሰፊ፣ እኔን ሁለት አድርጎ የሚይዝ። የሶሎ ፊት መሐሉ ላይ ይስቃል።

ተናደድኩ። ለወንድሙ ትርፍራፊውን ሰጡት ብዬ ነው የተናደድኩት። ኦጁሉ ውጪ ገመድ ይወጥር ነበር። ጠራሁት።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንተ።»

«ሁሉም ነጭ አልነበር እንዴ?»

መሬት መሬት አየ። «ማተሚያ ቤት ቆሜ አሰብኩ። ነጭ ያሳያል። ጠባብም ያሳያል። ጥቁርና ሰፊ ከሆነ ምንም አይታይም አልኩ።»

ፊቴ ጋለ። «ታውቅ ነበር?»

«ቢኒ፣ እዚህ ከተማ ጃኬት የሚለብስ አንተ ብቻ ነህ። እኔ ዓይን የለኝም?» ቀለደ። እኔ አልሳቅኩም።

«አንተስ? አንተ ለምን ጥቁር ለበስክ?»

«አንተ ብቻህን ጥቁር ከሆንክ ሰው ለምን ይላል። ሁለት ከሆንን ማንም አይጠይቅም።»

ገመዱን ሊወጥር ተመለሰ። ትልቅ ነገር የተናገረ አልመሰለውም።

ሣልስቱን ቀኑን ሙሉ እኔን ሲጠብቅ ነው የዋለው ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ነጭ መካከል ብቻውን ጥቁር ለብሶ። እኔ ደግሞ ከጃኬቴ ውስጥ ሆኜ አየሁት፣ ሀዘኑ ነው አልኩ፣ ዓይኔን መለስኩ። አንድ ቋጠሮ ነበር። በጥርሴም ይፈታ ነበር።

ሊሄድ ሲል በበሩ አንገቱን አስግጎ «ነጭ አንድ ተርፏል፣ በልክህ ነው። አሁን ይሆንሃል አይደል? ጠዋት አመጣልሃለሁ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ።


እሑድ

አርባው ወጣ።

ጠዋት ኦጁሉ ነጩን ይዞ መጣ። እማዬ ልታለብሰኝ ሞከረች። ቀኝ እጄ እጅጌው ጋ ደርሶ ቆመ። ክንድ ሳይነሣ ጠባብ ቲሸርት አይገባም፤ ክንዴ ደግሞ አይነሣም። እንደምንም ከፍ ላደርገው ስል ስፌቱ ያዘኝ። «ተው! ተው!» አለች እማዬ። አወጣችልኝ።

ጥቁሩን አነሣች። እጆቼን ወደ ታች እንደዘረጋሁ በሰፊው ወገብ በኩል በራሴ ላይ አጠለቀችው፤ እጅጌውን ራሷ ሰብስባ እጄን አሾለከችው። ልጅ ሆኜ ታለብሰኝ እንደነበረው። ምንም አላመመኝም።

ይሄን ልብስ ለመልበስ መቆረጥ አያስፈልገኝም ነበር። ተቆርጬም የሚገባልኝ እሱ ብቻ ነው።

ስወጣ ኦጁሉ ድንኳኑ በር ላይ ቆሟል። ነጭ ይለብሳል ብዬ ነበር። ጥቁሩን ለብሷል። ሳየው ትከሻውን ሰበቀ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ያቺ የሣልስቱ ሴትዮም መጥታ ነበር። አየችን፣ ነፍስ ይማር አለችን፣ አለፈች። ምንም አልጠየቀችም።

ሰው ሁሉ በልቶ ሲሄድ እማዬ መጥታ ከፊቴ ቆመች። እኔን አላየችኝም። ያየችው ሶሎን ነው። መዳፏን አምጥታ ጉንጩ ላይ አሳረፈችው፤ የእኔ ደረት ላይ። ዳበሰችው። እጇ ሲሄድ ሲመጣ አያለሁ። አይሰማኝም። ፋሻው ነው እንዳልል፣ ቆዳዬን አውቀዋለሁ።

ድንገት ስፌቱ ትዝ ብሏት ደነገጠች። «ውይ ልጄ! አሳመምኩህ?» ብላ እጇን ልታነሣ ስትል፣

«አላሳመምሽኝም፣ እማዬ» አልኳት። «ትንሽ አቆዪው።»