የአባባ የኮሪያ ቂጣ

ለወታደሩ ወንድሜ ለጀማሉዲን፤ ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ከአዋሽ ሙቀት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

አባባ ኮሪያ ዘምተው ሳለ መንገድ ዳር የበሉትን ቂጣ ካልጠበስኩ ብለው ማድቤቴን ወረውታል። ሊጡን ስኳርና ኦቾሎኒ ሞልተው መጥበሻ ላይ ይደፈጥጡታል። የቀበሌ ስኳራችንን ጨረሱት ብል ማን ሰምቶኝ። የወታደር መኪና በቆመ ቁጥር ትኩሱን ይዘው ይወጣሉ፤ እያደሉም ከየትኛው ግንባር እንደመጡ ይጠይቃሉ። ባዶውን ሳህን ይዘው ሲመለሱ ፊታቸውን አይቼ ሳህኑን ተቀብዬ አጥባለሁ።

«ጀማል ጠርዙ ያረረውን ነው የሚወደው» እያሉ አንዱን ይከድኑልሃል። በዚህ ሙቀት አያድርም፤ ጠዋት ለዶሮዎቹ ይሰጡና ሌላ ይጠብሳሉ።

እኔን እምቢ ብለዋል፤ አንተው መጥተህ ተቆጣልኝ። አላህ ይጠብቅህ።

እህትህ ሱልጣና